ፍሪጅ ሲጠገን ቡና አይፈላም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በቁጥር ነው። ይህን ያህል ገቢ፣ ይህን ያህል ወጪ፣ ይህን ያህል በባንክ ብዬ አንብቤ እቀመጣለሁ። ዛሬ ግን ስለ አንድ የወጪ መስመር ብቻ እንድናገር ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። መስመሩ በመዝገቤ ላይ «የፍሪጅ ጥገና፣ ብር 2,200» ይላል። ሰነዱን አዘጋጅቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ደረሰኙም አለ፣ ሦስት ፕሮፎርማም ተሰብስቧል፣ ኦዲተርም ቢያየው ጉድለት አያገኝበትም። ነገር ግን በዚያ ጥገና ቀን አንዲት እናታችን እግራቸውና እጃቸው ተቃጥሏል። እሳቸውም ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። «ስሜን አትጥሪ እንጂ ነገሩን ንገሪያቸው፤ በሌላዋ ላይ እንዳይደርስ» ብለውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቃችን በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ ጀማን ወርዶ የሚወጣ መንገደኛ እዚህ ዓለም ከተማ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ቀዝቃዛ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በበጋ ፍሪጁ ማቀዝቀዝ አቆመ። እኔ እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ አሰባሰብኩ። አንዱ 4,500፣ ሁለተኛው 3,400፣ ሦስተኛው 2,200 ብር ነበር። ሦስቱም «ጋዝ መሙላት» ይላሉ። ሦስቱም ዕቃውን ሳያዩ ነው የጻፉት። እኔም አላየሁትም። ዝቅተኛውን መረጥኩ።

የመጣው ልጅ ጨዋና ታታሪ ወጣት ነው። ፍሪጁን ከሱቁ ወደ ኋላ ክፍል አስገባው። ነፋስና አቧራ ስለነበረ በሩን ገርበብ አደረግነው። እንግዳ ሲመጣ የምናደርገውን አደረግን፤ እናታችን ከሰል አያያዙና ቡና መቁላት ጀመሩ። ምድጃው ከፍሪጁ ሁለት ርምጃ አይርቅም ነበር። ልጁ ከሞተሩ ጎን ያለችውን ቀጭን ቱቦ ቆረጣት። «ጭስ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ምንም ሽታ አልነበረውም። ጥቂት ቆይቶ ሰማያዊ ነበልባል ወለሉን ይዞ ከምድጃው ወደ ፍሪጁ ሲሮጥ አየን። የእናታችን የቀሚስ ጫፍ ተያያዘ። ልጁ የራሱን ጃኬት አውልቆ ጠቅልሎ አጠፋው፤ የራሱም መዳፍ ተለብልቧል። ሁሉም ነገር ያለቀው አሥር እስከምንቆጥር ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ፍሪጁን አይቶ የጠየቀን የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ከመበላሸቱ በፊት ሞተሩ ይሠራ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ነበር?» የሚል ነው። ዝም ብሎ ነበር። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። «እንግዲያው ጋዙ አልጎደለም ነበር» አለን። ጋዝ የጎደለው ፍሪጅ ሞተሩ ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ብቻ አያቀዝቅዝም። የሞተው ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ቅዝቃዜውን እየለካ ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያጠፋው ትንሽ ዕቃ ነበር። ለካስ እኛ ሙሉ የነበረውን ጋዝ ለመሙላት ነው የከፈልነው። እናታችንን ያቃጠለው ያ ሙሉ ጋዝ ነው።

እናቶቼና እህቶቼ፣ እኔ የማቀዝቀዣ ባለሙያ አይደለሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ ያ ሁለተኛው ባለሙያ ሲሠራም ከአጠገቡ ቆሜ አየሁ። የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ። መጠገኑን እናንተ ሥሩት ለማለት ሳይሆን፣ ትክክለኛውን ሥራ ከተሳሳተው ለይታችሁ «ቆይ» ማለት እንድትችሉ ነው።

መጀመሪያ ፍሪጅ ምን እንደሚሠራ እንወቅ። ፍሪጅ ብርድ አይፈጥርም። ሙቀትን ከውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ ያወጣል። እንስራ ውኃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ታውቃላችሁ፤ ከውጭ የሚረጥበው ውኃ ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በፍሪጅ ውስጥም እንዲሁ አንድ ፈሳሽ አለ። በቱቦ ውስጥ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ሞተሩ መልሶ ይጨምቀዋል፤ ከኋላ ባለው ቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ለቆ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። እጃችሁን ከፍሪጁ ኋላ ወይም ጎን ብታስጠጉ የሚሞቃችሁ ከወተታችሁና ከውኃችሁ የወጣው ሙቀት ነው። በአውሮፓ ያሉ ወዳጆቻችን ቤታቸውን የሚያሞቁበት ሂት ፓምፕ የሚባለው መሣሪያም ያው ነው፤ ሙቀቱን ከውጭ አየር አንሥቶ ወደ ቤት ያስገባል። ዕቃው አንድ፣ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ያ በቱቦ ውስጥ የሚዞረው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። በድሮ ጊዜ አሞኒያን የመሰለ መርዛማ ጋዝ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ አር 12 የሚባለው ፍሪዮን መጣ። አይነድም፣ አይመርዝም፤ ሁሉም ደስ አለው። በ1974 እ.ኤ.አ. ግን ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለው ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ አሳዩ። በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ከተማ አገሮች ተሰብስበው ይህን ዓይነቱን ጋዝ ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ተስማሙ። አገራችንም ወደ ስምምነቱ የገባችው በእኛው አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ነው።

በአር 12 ፋንታ አር 134ኤ የሚባል ጋዝ ተተካ። እርሱም አይነድም፣ ኦዞንንም አይጎዳም። ነገር ግን ምድርን ያሞቃል። እኔ በሒሳብ ልንገራችሁ፤ 1 ኪሎ አር 134ኤ ወደ አየር ቢለቀቅ በ100 ዓመት ውስጥ 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያሞቀው ያህል ያሞቃል። ስለዚህ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ አገሮች እንደገና ተሰብስበው እነዚህንም ለመቀነስ ተስማሙ። ኢትዮጵያም ይህን ማሻሻያ ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት።

አሁን በአዳዲሶቹ የቤት ፍሪጆች ውስጥ ያለው በአብዛኛው አር 600ኤ ይባላል። ሌላው ስሙ አይሶቡቴን ነው። ቡቴን ስል ምን ትዝ አላችሁ? ቡታጋዝ! አዎ፣ የቡታጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው። በዚህ ጋዝ የሚሠሩ የቤት ፍሪጆች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጀርመን ተነሥተው ነው ዓለምን ያዳረሱት። ኦዞንን አይነካም፣ ምድርን የሚያሞቀው እጅግ በጥቂቱ ነው፣ መብራትም ይቆጥባል። በየጤና ጣቢያው የልጆቻችንን ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል ጠብቀው የሚያቆዩት በፀሐይ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎችም ብዙዎቹ በዚሁ ጋዝ ነው የሚሠሩት። ጋዙ ጠላታችን አይደለም። ጥሩ ጋዝ ነው። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ ይነድዳል።

ይህን ጠባይ በደንብ እንየው። ፍሪጁ ተዘግቶ በሰላም ሲሠራ ጋዙ በብረት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ስለሚኖር አያስፈራም። መጠኑም ትንሽ ነው፤ የእኛው 58 ግራም ነበር የያዘው፣ አንድ እፍኝ ስኳር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን 58 ግራም ተንኖ ጋዝ ሲሆን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል። አየር ውስጥ ገብቶ ከ100 እጅ ወደ 2 እጅ ያህል ሲሆን መንደድ ይችላል። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ጋዝ ከአንድ ሜትር ኩብ የሚበልጥ አየር ወደሚነድድ አየር ልትለውጥ ትችላለች። አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ እሳት ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከአየር ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ጣራ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወደ ወለል ይወርዳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ይፈልጋል። የእኛ ምድጃ ደግሞ የት ነው ያለው? ወለል ላይ።

ሦስተኛ፣ አይሸትም። ቡታጋዝ ሲያፈስ የምናውቀው ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ለፍሪጅ የሚሆነው ግን ንጹሕ ስለሆነ ሽታ አይጨመርበትም። «ሽታ የለም፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የተለጠፈውን ወረቀት የምታነብቡ ታነብባላችሁ፤ ማንበብ የማትችሉ ደግሞ ከዚህ በጆሯችሁ ያዙት።

ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ። ሞተሩ ይሠራል ወይስ ዝም ብሏል? ዝም ካለ ነገሩ የመብራት ሊሆን ይችላልና «ጋዝ ሙላልኝ» አትበሉ። ቀጥሎ በፍሪጁ ኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ወይም ከበሩ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ልጆቻችሁን አስነብቡ። አር 600ኤ ወይስ አር 134ኤ? ስንት ግራም? በሞተሩ ላይ ነበልባል የተሣለበት ቢጫ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ካለ የሚነድድ ጋዝ ነው። ይህን ለባለሙያው በስልክ ንገሩት። «እንዲህ ዓይነቱን ሠርተህ ታውቃለህ? መሣሪያው አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሙያውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ ደስ ይለዋል።

ቦታው ውጭ ይሁን። በረንዳ ወይም ግቢ ይውጣ። የግድ ቤት ውስጥ ከሆነ በርና መስኮት ሁሉ ወለል ተደርጎ ይከፈት። ከጉድጓድና ከፍሳሽ መውረጃ ይራቅ። በአካባቢው በትንሹ 3 ሜትር እሳት የሚባል ነገር አይኑር፤ ምድጃ የለም፣ እጣን የለም፣ ሻማ የለም፣ ሲጋራ የለም። ማብሪያ ማጥፊያ መጫን፣ ኤክስቴንሽን መሰካትና መንቀልም ብልጭታ ስላለው ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ነው የሚያልቀው። ሕፃናትም ይራቁ። ለባለሙያው ቡና ማፍላት ከፈለጋችሁ ሥራው አልቆ፣ አየሩ ጠርቶ፣ እርሱም እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ አፍሉለት። ያን ጊዜ ሦስት ስኒ ይጠጣ።

ጋዙ እንዴት ይወጣል? ያ ሁለተኛው ባለሙያ ሲሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቱቦውን ዝም ብሎ አልቆረጠም። ቱቦዋን የሚነክስ ትንሽ ቧንቧ መክፈቻ አሰረባትና ረጅም ጎማ አገናኝቶ ጋዙን ራቅ አድርጎ ወደ ግቢው ክፍት አየር ቀስ በቀስ ለቀቀው። ከዚያ ናይትሮጅን የሚባል የማይነድድ ጋዝ በቱቦው ውስጥ አሳልፎ የቀረውን ጠራርጎ አስወጣ። ከዚህ በኋላ ነው ቱቦውን የከፈተው፤ እርሱንም በእሳት ሳይሆን በመቁረጫ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ጋዙ ወጣ ብትይም ከሞተሩ ዘይት ጋር የተቀላቀለ ይቀራል፤ እሳት ሲያገኝ በቱቦው አፍ ይነድዳል» አለኝ። የቱቦውን መጋጠሚያ በብየዳ ሳይሆን በሚጨመቅ የብረት ቀለበት ገጠመው። ብየዳ የግድ ከሆነም ጋዙ ሙሉ በሙሉ ከወጣና በናይትሮጅን ከተጠረገ በኋላ ብቻ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ያዙልኝ። ናይትሮጅን ስለሌለ በብየዳ ቤት ያለውን ኦክስጅን ልጠቀም የሚል ሰው ከመጣ ሥራው ይቁም። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ይህ ከመቃጠል አልፎ የሚገድል ነው።

ጋዙ የት እንደሚያፈስ የሚፈለገው በናይትሮጅን ግፊትና በሳሙና አረፋ ነው። አረፋው የሚቦጫጨቅበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ። በክብሪት ወይም በላይተር የሚፈልግ ካያችሁ አስወጡት። ቀጥሎ በቫኪዩም ፓምፕ በቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ይሳባል። ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ውስጥ የቀረ እርጥበት በረዶ ሆኖ ቀጭኑን ቱቦ ይደፍነዋል፣ ሞተሩንም ይጎዳል።

ጋዙ ሲሞላ በሚዛን ነው። ይህ እኔን በጣም ደስ ያሰኘኝ ክፍል ነው፤ ሥራው የእኔን ሥራ ይመስላልና። ጽሑፉ 58 ግራም ካለ 58 ግራም ነው። በዓይን ግምት፣ በጆሮ ግምት፣ በእጅ ዳሰሳ አይሞላም። በተለይ አር 134ኤ ሲሞላ የኖረ ሰው በለመደው መጠን ሊሞላ ይችላል፤ አር 600ኤ ግን ከዚያ መጠን ከግማሽ በታች ነው የሚፈልገው። ሲበዛ አያቀዝቅዝም፣ ሞተር ያቃጥላል፣ ቢያፈስም አደጋው በዚያው ልክ ይጨምራል።

ከቡታጋዝ ሲሊንደር የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ርካሽ ነው ይላሉ። አትቀበሉ። የማብሰያ ጋዝ ድብልቅ ነው፤ እርጥበትና ሽታ የሚሰጠው ነገር አለበት፤ ግፊቱም ለፍሪጁ ከተሠራው የተለየ ነው። እንዲሁም አር 134ኤ በነበረበት አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ የሚነድድ ጋዝ አይግባ። የዚያ ፍሪጅ ቴርሞስታትና የሞተር ማስነሻ ብልጭታ እንዳይወጣቸው ተደርገው አልተሠሩም። ጽሑፉም አር 134ኤ ስለሚል፣ ነገ የሚጠግነው ሰው የማይነድድ መስሎት እሳት ይለኩስበታል። በእኛ ቁጠባ ሌላ ሰው ይቃጠላል ማለት ነው። ስለዚሁ ነው ዕቃ ሲቀየርም ለዚያ ጋዝ የተሠራ፣ የታሸገ ዕቃ ይግባ፤ የተነሣም ምልክት ካለ ተመልሶ ይለጠፍ የምለው።

በቤታችሁም አንድ ልማድ ተዉ። በፍሪጁ ውስጥ የጋገረውን በረዶ በቢላ አትፈልፍሉ። ከበረዶው ሥር ያለው ጋዝ የሚዞርበት ስስ ቱቦ ነው። ቢበሳ ጋዙ በተዘጋው ፍሪጅ ውስጥ ይጠራቀማል። ፍሪጁን ንቀሉት፣ በሩን ክፈቱት፣ በረዶው ራሱ ይቀልጣል። ቢቸኩላችሁ በድስት ሙቅ ውኃ ውስጡ አስቀምጡ። ሻማ ግን በጭራሽ።

«ጭስ» የሚል ድምፅ ብትሰሙ ወይም በሳችሁት ብላችሁ ብትጠረጥሩስ? ሰው ሁሉ ይውጣ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ምድጃ ካለ ወደ ጋዙ ሳትቀርቡ ይራቅ። መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፣ ፍሪጁንም ከሶኬቱ አትንቀሉ፤ እዚያው ብልጭታ አለና። መብራቱ ውጭ ካለው ቆጣሪ ይጥፋ። ጋዙ ትንሽ ስለሆነ አየር ካገኘ ቶሎ ይበተናል። ከተያያዘ ደግሞ ፍሪጅ ይተካል፣ ሰው አይተካም፤ ውጡ።

ሰው ከተቃጠለ የተቃጠለውን ቦታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙት፣ ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። እኛ በዚያን ቀን በድንጋጤ ቅቤ ቀብተን ነው የወሰድናቸው። ሐኪሙ ቅቤውን ለማጽዳት ሲሉ እናታችን የጮኹትን ጩኸት እስከዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን ወደ መዝገቤ ልመለስ። ከ2,200 ብሩ ሌላ ምን ወጣ? የሕክምናና የመድኃኒት 3,150 ብር። ለሁለተኛው ባለሙያ ከነመጓጓዣው 5,400 ብር። ቴርሞስታቱ 850 ብር። ሱቁ ቀዝቃዛ ሳይሸጥ የቆየባቸውን ሳምንታት ሳልቆጥር ድምሩ 11,600 ብር ነው። ከፍተኛውን ፕሮፎርማ መርጬ ቢሆን ይቀር ነበር ማለቴ አይደለም፤ እርሱም «ጋዝ መሙላት» ነው ያለው። ስህተቴ ዋጋ ማወዳደሬ ላይ አልነበረም። ምን እንደሚሠራ፣ በምን መሣሪያ እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሠራ ሳልጠይቅ ዋጋ ብቻ ማወዳደሬ ነው። እናታችን አንድ ወር ሙሉ ምጣድ ላይ ሊቀመጡ አልቻሉም፤ እንጀራ ሸጠው ነው የሚኖሩት። የእርሳቸውን የአንድ ወር ገቢ በእኔ መዝገብ ላይ የምጽፍበት መስመር የለኝም።

ልጁንም መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ማን አስተማረው? ሙያውን ያየው ከሌላ ሠራተኛ ነው፤ ያም የለመደው የማይነድደውን ጋዝ ነበር። ሚዛን የለውም፣ ናይትሮጅን የለውም። በ2,200 ብር ሥራ እነዚህን መግዛት አይችልም። እኛ ዝቅተኛውን ዋጋ በጠየቅን ቁጥር ያለ መሣሪያ እንዲሠራ ነው የምንጠይቀው። እርሱም አሁን ወዳጃችን ነው፤ ዛሬ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማኛል።

የሥራ አመራር ኮሚቴያችን ሦስት ነገር ወስኗል። አንደኛ፣ ከእንግዲህ የማቀዝቀዣ ጥገና ክፍያ የምፈርመው የጋዙ ዓይነትና ግራም፣ የብልሽቱ ምክንያትና ሥራው የተሠራበት ቦታ በሰነዱ ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው። ዕቃው ሳይታይ የተጻፈ ፕሮፎርማ አልቀበልም። ሁለተኛ፣ ፍሪጅ ስንገዛ ከዋጋው ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ለብቻው እናስቀምጣለን። ሦስተኛ፣ ከአባሎቻችን ልጆች ሁለት ሴቶችን በቴክኒክና ሙያ የማቀዝቀዣ ጥገና እንዲማሩ እንልካለን፤ ያም ወጣት አብሮ እንዲሠለጥን ጠይቀናል፣ ተስማምቷል።

ለወዳጆቻችን አንድ ቃል አለኝ። ብዙ ጊዜ «ምን እንስጣችሁ?» ትሉናላችሁ፤ እኛም ፍሪጅ፣ ወፍጮ፣ ምጣድ እንላለን። ዘንድሮ የምንጠይቀው ሌላ ነው። በግራም የሚመዝን ሚዛን፣ የናይትሮጅን ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያው፣ ቫኪዩም ፓምፕ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያና የሦስት ሰው ሥልጠና ነው። በፎቶግራፍ ሲታይ እንደ አዲስ ፍሪጅ አያምርም። ነገር ግን እናንተም በአገራችሁ ቤት የሚያሞቀውን መሣሪያ በፕሮፔን ጋዝ ሠርታችሁ ስታስተክሉ፣ የሚነድድ ጋዝ የሠለጠነ ሰውና መሣሪያ እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ። ጋዙ እዚህም እዚያም አንድ ዓይነት ነው የሚነድደው። ያለ ጠጋኙ ዕቃውን ብቻ ብትልኩልን ግማሹን ነው የላካችሁልን።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ልጃችሁን ጠርታችሁ የፍሪጁን ጽሑፍ አስነብቡት፣ የጋዙን ስምና ግራሙን በደብተር አስጽፉት። ፍሪጅ የሌላችሁ የጎረቤታችሁን አስነብቡ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፤ እኔ እመዘግባለሁ።

 አሁን ቡናው መፍላት ይችላል፤ ፍሪጁ ደህና ነው።